ሕዝብ አደጋን የሚመዝንበት ሚዛን
(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ እንድትሰሙኝ የምለምናችሁ ስለ አቶም ኃይል ቆሻሻና የሰው ልጅ አደጋን ስለሚገምትበት መንገድ ስናገር ነው። ርእሱ ሲሰማ ከእኛ ኑሮ የራቀ፤ ለሊቃውንትና ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ለሕዝብ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ፤ ስለ መንገድ ሥራ፤ ስለ ክትባት ወይም ስለ ግድብ ሕዝብ ሰብስቦ የሚያስረዳ ሰው ሁሉ፤ «ማስረጃው ቀርቦለት ሳለ ይህ ሕዝብ ስለ ምን ይፈራል?» ብሎ ራሱን የጠየቀበት ቀን አይጠፋም። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ በብርቱ የተመረመረው በአቶም ቆሻሻ ጉዳይ ላይ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት፤ ዩጂን በምትባል ከተማ የሚሠሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፤ ባሩክ ፊሽሆፍ፤ ፖል ስሎቪክ፤ ሣራ ሊክተንስታይንና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ሥራ ሠሩ። ሠላሳ ነገሮችን በዝርዝር ጻፉ። ከእነዚህም ውስጥ አውቶሞቢል፤ ሲጋራ፤ የአልኮል መጠጥ፤ ሽጉጥ፤ ቀዶ ሕክምና፤ ራጅ፤ ዋና፤ ብስክሌትና በአቶም ኃይል የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ይገኙ ነበር። ከዚያም በልዩ ልዩ ክፍል የተመደቡ ሰዎችን፤ «ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋውን ፊተኛ፤ የማያሠጋውን ኋለኛ አድርጋችሁ በተራ አስቀምጡልን» ብለው ጠየቁ። የሴት መራጮች ማኅበር አባሎችና የኮሌጅ ተማሪዎች የአቶምን ኤሌክትሪክ 1ኛ አደረጉት። አደጋን መመርመር ሙያቸው የሆነ ሊቃውንት ግን 1ኛ ያደረጉት አውቶሞቢልን ሲሆን፤ የአቶምን ኤሌክትሪክ ወደ 20ኛው ተራ አወረዱት። ራጅን ደግሞ ሊቃውንቱ 7ኛ ሲያደርጉት ሴቶቹ 22ኛ አደረጉት። ልብ በሉ፤ ከሁለቱም የሚፈራው ጨረር ነው። አንዱ ጨረር ግን ከምናውቀው ሐኪም እጅ፤ ለገዛ ሕመማችን ሲባል የሚመጣ ነው፤ ሌላው ከማናውቀው ግቢ የሚመጣ ነው።

ይህን ውጤት ያየ ሰው በችኰላ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ሕዝቡ አላወቀምና ይማር» ይላል። በብዙ አገር የአቶም ኩባንያዎችና የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ለረጅም ዘመን ይዘውት የኖሩት ሐሳብ ይኸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላም ጥያቄ ጠይቀው ነበር። «እንደ ወትሮው ባለ ዓመት በእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ስንት ሰው የሚሞት ይመስላችኋል?» ቢሏቸው፤ እነዚያው ሴቶችና ተማሪዎች ከሠላሳው ሁሉ ያነሰውን የሟች ቍጥር የሰጡት ለአቶም ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ በተራው ዓመት የሚሞተው ሰው ጥቂት መሆኑን ያውቃሉ፤ እንዲህም ሆኖ ከሁሉ የሚያሠጋው እርሱ ነው ይላሉ። ቍጥሩ አልጠፋባቸውም፤ የሚመዝኑበት ሚዛን ግን ቍጥር ብቻ የሚቀመጥበት አይደለም። ምርምሩ ከዚህ በኋላ የሄደው ያን ሚዛን ፍለጋ ነው።

የፍለጋውን በር አስቀድመው የከፈቱት ቾንሲ ስታር የተባሉ መሐንዲስ ነበሩ። እሳቸው በ1969 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚገባበትን አደጋ፤ ሌላው ከሚጭንበት አደጋ ይልቅ 1,000 ጊዜ ያህል የበለጠ ቢሆን እንኳ ይቀበለዋል ብለው ገመቱ። ግምቱን ኋላ ብዙዎች ተከራክረውበታል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ለማንም ግልጥ ነው። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ የሚጨርስ ሰው፤ ጎረቤቱ ከአጥሩ ሥር ጥራጊ ሲያቃጥል ጢስ ገባብኝ ብሎ ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ይጽፋል። እንስቅበት ይሆናል እንጂ ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ሲጋራውን በወደደ ጊዜ ሊጥለው ይችላል፤ በጎረቤቱ ጢስ ላይ ግን የሚያዝዘው ሌላ ነው።

ስሎቪክና ባልደረቦቻቸው ይህን አስፋፍተው፤ የሰዎቹ መልስ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑን አገኙ። አንደኛው አስደንጋጭነት ነው። ነገሩ ከያዙት በኋላ የማይገታ ነውን? በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይፈጃልን? ጥቅሙ ለአንዱ፤ ጉዳቱ ለሌላው ይሆናልን? ለልጅ ልጅ ይተርፋልን? ሁለተኛው አለመታወቅ ነው። በዓይን ይታያልን? ጉዳቱ ወዲያው ይገለጣል ወይስ ከሃያ ዓመት በኋላ? ሊቃውንቱስ ራሳቸው ጨርሰው አውቀውታልን? በእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ብትመዝኑት የአቶም ኤሌክትሪክና ቆሻሻው ከሁለቱም ወገን በመጨረሻው ጠርዝ ላይ ቆሞ ይገኛል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ብታዩአቸው ደግሞ አንዱም የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ማንኛውም አስተዋይ አባወራ ልጁን ለማያውቀው ሰው ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀውን የመሰለ ነው።

ከዚህ ላይ ቆሻሻው ራሱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። የዩራኒየም እንክብል በረጃጅም የብረት ቱቦ ታሽጎ በሪአክተር ውስጥ ጥቂት ዓመታት ሙቀት ከሰጠ በኋላ ደክሞ ይወጣል። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የዚህን አተላ ግን የሚጠጣ ከብት የለም። ከሪአክተሩ እንደ ወጣ ያለ መከለያ አጠገቡ የቆመ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ጨረር ይቀበላል። ስለዚህ በጥልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ለዓመታት እንዲበርድ ይደረጋል፤ ከዚያም በብረትና በሲሚንቶ በተሠራ ወፍራም ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። በውስጡ ካሉት ነገሮች ሴሲየም 137ና ስትሮንቲየም 90 የሚባሉት ኃይላቸው በየ30 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ፕሉቶኒየም 239 ግን በግማሽ ለመቀነስ 24,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። መሐንዲሶች ይህን ቆሻሻ ከሰውና ከውሃ ለይተን የምንጠብቀው ለ100,000 ዓመት ነው ሲሉ የምንሰማው ስለዚህ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙ 1,700 ዓመት ያህል ቢሆን ነው፤ የተባለው ዘመን ከዚህ ወደ ስድሳ እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው።

ለሊቃውንቱም ፍርድ ማጓደል አይገባም። ቆሻሻው በመጠኑ ትንሽ ነው። በአሜሪካ የአቶም ጣቢያዎች የተከማቸው ያገለገለ ነዳጅ ሁሉ በአንድ የኳስ ሜዳ ላይ ቢደረደር ቁመቱ ከአሥር ሜትር አይበልጥም ሲል የዚያው አገር የኃይል መሥሪያ ቤት ይገልጣል። ጠጣር በመሆኑም እንደ ጋዝ አይበተንም፤ እንደ ዘይትም አይፈስስም። ከጥልቅ አለት ሥር ቢቀበር ዘመኑን ሊጨርስ ይችላል የሚለውም አስተያየት ከብዙ አገር የምድር ጥናት ሊቃውንት ድጋፍ ያለው ነው። ታዲያ ነገሩ የተሰናከለው ከምን ላይ ነው?

ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ በኔቫዳ ይገኛል። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች በ1982 ባወጡት ሕግ፤ ልዩ ልዩ ስፍራዎች በእኩልነት ተመርምረው የቆሻሻው መቃብር እንዲመረጥ፤ ሸክሙም በአገሩ ክፍሎች መካከል እንዲካፈል ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ምርመራው ሳያልቅ በ1987 ሕጉ ተሻሻለና የቀሩት ስፍራዎች ሁሉ ተትተው በኔቫዳ የሚገኘው የዩካ ተራራ ብቻ እንዲመረመር ታዘዘ። ምድሩ ደረቅ ነው፤ ሰው አይኖርበትም፤ የሚል ምክንያት ቀርቧል፤ ምክንያቱም ከንቱ አልነበረም። የኔቫዳ ሰዎች ግን በምክር ቤት ጥቂት እንደራሴ ስላለን ሸክሙ በእኛ ላይ ተጣለ አሉ። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የአቶም ጣቢያ በግዛታቸው አንድም የለም።

ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። በዩካ ተራራ አጠገብ የአሜሪካ መንግሥት ከ1951 እስከ 1992 ድረስ የአቶም ቦምብ ሲሞክርበት የኖረ ሰፊ ሜዳ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦምቡ የሚፈነዳው በአየር ላይ ሲሆን፤ እንዲህ ያለው ፍንዳታ 100 ያህል ጊዜ ተደርጓል። ነፋሱ ዐመዱን ወደ ኔቫዳና ወደ ዩታ መንደሮች ሲነዳ፤ የመንግሥት መልእክተኞች ለነዋሪው አደጋ የለውም እያሉ ያስታውቁ ነበር። በ1990 ያው መንግሥት ሕግ አውጥቶ፤ ከነፋሱ በታች ኖረው በካንሰር ለታመሙ ሰዎች ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሣም እንዲከፈላቸው ወሰነ። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ሌላ የመንግሥት መልእክተኛ መጥቶ ስለ ዩካ ተራራ ያንኑ ቃል ሲደግምለት የሰማው ገበሬ ምን ይበል? ያልተማረ ስለ ሆነ አላመነም ይባላልን? እኔ እንደሚመስለኝ ያላመነው ስለ ተማረ ነው፤ ትምህርቱንም የሰጠው መንግሥቱ ራሱ ነው።

ስሎቪክና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1991 ያወጡት ጥናት ይህን በሌላ መንገድ ያሳያል። ለኔቫዳና ለሌሎች ግዛቶች ሰዎች፤ «ከምድር በታች የአቶም ቆሻሻ ማኖሪያ» የሚል ቃል አንብበው፤ በመጀመሪያ ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ከተሰበሰበው 10,000 ያህል መልስ ውስጥ አብዝቶ የተገኘው አደጋ፤ ሞት፤ መርዝ፤ ብክለት የሚል ነበር። በጎ ቃል የሰጠ በጣም ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት የአቶም ኩባንያዎች ማኅበር ይህን አስተያየት ለመለወጥ በኔቫዳ በቴሌቪዥን ሰፊ የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈተ፤ ሳይንቲስቶችም እየቀረቡ አስተማማኝነቱን ይመሰክሩ ነበር። ኋላ ሕዝቡ ሲጠየቅ፤ ማስታወቂያው ወደ ድጋፍ አዘነበለን ካሉት ይልቅ ወደ ተቃውሞ አዘነበለን ያሉት በዝተው ተገኙ። በ2002 የግዛቱ ገዥ ዕቅዱን በይፋ ሲቃወሙ ምክር ቤቱ ተቃውሟቸውን ሻረው፤ በ2008 የፈቃድ ማመልከቻ ገባ፤ በ2010 መንግሥት ራሱ ማመልከቻውን ለመሳብ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ በጀቱ ተቋረጠ። በተራራው ሆድ የተቈፈረው ዋሻ ባዶውን ቀረ። 90,000 ቶን የሚያህለው ነዳጅ ዛሬም በየጣቢያው ግቢ ተቀምጦ ይገኛል፤ መንግሥትም በ1998 እረከባለሁ ብሎ የፈረመውን ውል ስላልፈጸመ ለኩባንያዎቹ በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ካሣ ከፍሏል።

እምነት በአንድ አገር ብቻ የጎደለ እንዳይመስላችሁ። በ1957 በሶቪየት ኅብረት፤ በኡራል ተራሮች አጠገብ፤ ማያክ በሚባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የአቶም ቆሻሻ የተጠራቀመበት ጋን ፈንድቶ ሰፊ አገር በከለ። መንደሮች ከቦታቸው ተነሡ፤ ምክንያቱ ግን ለሕዝብ አልተነገረም። በ1976 በስደት የሚኖሩት የሥነ ሕይወት ሊቅ ዞሬስ ሜድቬዴቭ ጉዳዩን በጽሑፍ ሲገልጡት፤ የእንግሊዝ የአቶም ኃይል ባለ ሥልጣን ሊቀ መንበር ነገሩን እንደ ከንቱ ወሬ አጣጣሉት። የሶቪየት መንግሥት እውነቱን ያመነው በ1989 ነው። የምዕራቡም የምሥራቁም አዋቂ ተሳስቶ ወይም ደብቆ ሳለ የስደተኛው ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ። ስሎቪክ በኋላ ጽሑፋቸው እንዳመለከቱት፤ እምነት ቀስ በቀስ ይገነባል፤ ለመፍረስ ግን አንድ ቀን ይበቃዋል። ሁለቱ በእኩል ፍጥነት የሚሄዱ አይደሉም።

አንዳንድ ሰው፤ «ይህ ሁሉ ክርክር በገንዘብ ሊፈታ ይችላል፤ ለመንደሩ ይከፈለውና ዝም ይበል» ይላል። ስዊስ አገር ይህ ተሞክሯል፤ ውጤቱም የኢኮኖሚ ሊቃውንትን አስገርሟል። ብሩኖ ፍራይና ፌሊክስ ኦበርሆልዘር-ጊ በ1993 ቮልፈንሺሰን በምትባል የተራራ መንደር፤ መካከለኛና ዝቅተኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ በአጠገባችሁ ቢቀበር ትፈቅዳላችሁን ብለው ነዋሪዎቹን ጠየቁ። ከመቶው 50.8 እጅ የሚሆኑት እንፈቅዳለን አሉ። ቀጥሎም መንግሥት በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ይህን ያህል ገንዘብ ቢከፍልስ ተብሎ ቢጠየቁ፤ ፈቃደኛው ከመቶ 24.6 ሆነ። ገንዘብ ሲጨመር ፈቃድ በግማሽ ቀነሰ! ጸሐፊዎቹ የሰጡት ትርጓሜ፤ ሰዎቹ መጀመሪያ ለአገራቸው ግዴታ አለብን ብለው ነበር፤ ዋጋ ሲቈረጥለት ግን ግዴታው ገበያ ሆነባቸው የሚል ነው። በመሥሪያ ቤታችን ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ በደስታ የሚያመሽ ሠራተኛ፤ ጥቂት ሳንቲም ቢወረወርለት የሚሰማውን ቅሬታ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የካንቶኑም ሕዝብ በ1995ና በ2002 በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ ዕቅዱን ሳይቀበል ቀርቷል።

እስከዚህ የተናገርሁትን ሰምቶ፤ የሕዝብ ፍርሃት ምንጊዜም ልክ ነው ትላለህን የሚለኝ ቢኖር፤ አልልም። በ1987 በብራዚል በጎያኒያ ከተማ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ለካንሰር ማከሚያ ያገለግል የነበረ መሣሪያ በተተወ ሕንፃ ውስጥ ጠባቂ አጥቶ ቀርቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ለብረቱ ሲሉ ወስደው ከፈቱት፤ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ሸጡት። በውስጡ የነበረው የሴሲየም 137 ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ስለ ነበር፤ እንደ ዕንቍ ተቈጥሮ ለዘመድና ለወዳጅ ተከፋፈለ፤ በገላቸውም የቀቡት ነበሩ። መፍራት በሚገባ ጊዜ የፈራ አልነበረም። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷም የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወሬው በወጣ ጊዜ ደግሞ ፍርሃት ወሰኑን አለፈ። ከ112,000 የሚበልጥ ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ቢመረመር፤ ጨረር የነካው 249 ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ አውራጃ የመጣ እህልና ዕቃ ገዢ አጣ፤ ከከተማው ለሚወጣ ሰው ጨረር አልነካውም የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠው ጀመር። ሟቾቹ ሲቀበሩ የአካባቢው ሰው በድንጋይ ሊከለክል ተነሣ።

ይህ የጎያኒያ ነገር ለእኛም የሚያስተላልፈው ቃል አለው። ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፍ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል ናት፤ በሆስፒታሎቻችንም ኮባልት 60 የተባለው የጨረር ምንጭ ለካንሰር ሕክምና ሲሠራበት ኖሯል። ኮባልቱ በየአምስት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚደክም መለወጡ አይቀርም፤ የደከመውም ምንጭ በመዝገብ ተይዞ፤ ተቈልፎ፤ ተረካቢው በፊርማ የታወቀ መሆን አለበት። በጎያኒያ የጎደለው ይኸው የንብረት ክፍል ሥራ ነበር። የአቶም ጣቢያ የሌለው አገርም ቢሆን ከዚህ ግዴታ አያመልጥም።

አሁን ወደ ስዊድን እንሻገር፤ ምክንያቱም እዚያ የሕዝቡ ፍርሃትና የሊቃውንቱ ቍጥር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርበው ብዙ ዓመት የተነጋገሩበት አገር ነው። መጀመሪያው ግን እንደ ሌላው አገር ነበር። ኩባንያው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት የተሻለ አለት ፍለጋ፤ የነዋሪውን ፈቃድ ሳይጠብቅ ምድር የሚቈፍር ሠራተኛ ላከ። በየመንደሩ ሰው ተነሣ፤ መንገድ ዘጋ። ሽኔፍዬል በሚባለው ተራራ የአካባቢው ሰዎች ጎጆ ቀልሰው ከ1980 እስከ 2000 ድረስ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ፤ በተራ ዘብ ቆሙ። ኩባንያው ወደ ሰሜን ዞሮ ፈቃድ ቢጠይቅ፤ ስቱሩማን በ1995፤ ማሎ በ1997 በሕዝብ ድምፅ እምቢ አሉ። ሁለት ጊዜም እምቢታው ተከበረ፤ ኩባንያው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የስዊድን ነገር የተለወጠው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። እምቢ ማለት እንደሚቻል በዓይን ካልታየ እሺ ማለት ምን ዋጋ አለው?

ከዚያም በኋላ የአቶም ጣቢያ ያላቸው ሁለት ማዘጋጃ ቤቶች፤ ኦስታማርና ኦስካርስሃምን፤ ምርመራው በክልላቸው እንዲደረግ ፈቀዱ። በ2009 አለቱ የተሻለ ነው ተብሎ በኦስታማር ክልል ፎርስማርክ ተመረጠ። ዕቅዱ 6,000 ያህል የመዳብ ዕቃዎች በጭቃ ታጅለው ከምድር 500 ሜትር በታች፤ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አለት ውስጥ እንዲቀመጡ ነው። በዚህ መካከል በስቶክሆልም የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች፤ መዳቡ ከተገመተው ይልቅ ፈጥኖ ሊበላ ይችላል የሚል ጥርጣሬ አነሡ። ጥርጣሬው አልታፈነም። ዕቅዱን የሚመረምሩ የተፈጥሮ ጠባቂ ማኅበሮች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ለቆሻሻው ጥበቃ ከተጠራቀመው ገንዘብ ላይ ነበር፤ ማለትም ተቃዋሚው እንዲቃወም ይከፈለው ነበር። በ2018 የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ቤት ጥርጣሬውን ሰምቶ፤ ስለ መዳቡ ተጨማሪ ማስረጃ ካልቀረበ ፈቃድ መስጠት አይገባም ብሎ ለመንግሥት አስተያየት ሰጠ። ኩባንያው ማስረጃ ጨመረ። በ2020 የኦስታማር ምክር ቤት እሺ አለ፤ በ2022 መንግሥት ፈቀደ፤ በ2025 መጀመሪያ ሥራው ተጀመረ።

የጎረቤቷ የፊንላንድ ታሪክ አጠር ያለ ነው። በዚያም ማዘጋጃ ቤት እምቢ የማለት ሥልጣን አለው። የዩራዮኪ ምክር ቤት በ2000 በ20 ድምፅ ለ7 ተቀበለ፤ ፓርላማውም በ2001 በ159 ድምፅ ለ3 አጸደቀ፤ ኦንካሎ የሚባለው ዋሻ ከ2004 ጀምሮ ተቈፍሮ ከ400 ሜትር በላይ ወርዷል።

እነዚህን ሁለት አገሮች እያነሡ ሁሉ ነገር በመተማመን ተፈታ ማለት ግን ማጋነን ነው። ኦስታማርም ዩራዮኪም ከአቶም ጣቢያ ጋር ለብዙ ዓመት ጎረቤት ሆነው የኖሩ፤ ልጆቻቸው በጣቢያው የሚሠሩ፤ ግብርም የሚያገኙበት ናቸው። ለእነርሱ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከዚህም በላይ ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌናርት ሹበርግ የአሜሪካኖቹን ትምህርት ሲተቹ፤ መተማመን ከሚባለው ያነሰ ነገር ይገልጣል፤ ብዙውን ሰው የሚያስጨንቀው ይህ ሥራ የተፈጥሮን ሥርዓት መንካት ነው የሚለው የሕሊና ስሜት ነው፤ ብለው ጽፈዋል። አስተያየታቸውን በቀላሉ የሚያልፉት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱን ሐቀኝነት ሙሉ በሙሉ የሚያምን ሰው፤ ሐቀኛ ሰውም ቢሆን ስለ መቶ ሺህ ዓመት ቃል ሊገባ አይችልም ብሎ ሊያስብ ይችላልና። እንዲህ ላለው ሰው የኩባንያው መጽሔት የሚመልሰው መልስ የለውም። በስብሰባ ተነሥቶ ሲናገር ግን ቃሉ በቃለ ጉባኤ ሊጻፍለት፤ በጽሑፍም መልስ ሊሰጠው ይገባል፤ በስዊድን የተደረገውም ይኸው ነው።

በፎርስማርክ የመጀመሪያው የመዳብ ዕቃ ወደ ታች ይወርዳል የተባለው በ2030ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። ዋሻው ተቈፍሮ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ እስከ 2080ዎቹ ዓመታት ይዘልቃል ተብሎ ይታሰባል። በ2020 በኦስታማር እጃቸውን አንሥተው እሺ ካሉት የምክር ቤት አባሎች ብዙዎቹ ያን ቀን አይደርሱበትም። የድምፁ መዝገብ ግን በማዘጋጃ ቤቱ ይገኛል፤ ማን እሺ እንዳለ፤ ማን እምቢ እንዳለ በስም ተጽፎበታል።